ቢጫዋ እግር

የባሌ የድምፅ ማጉያ ሳሎናችን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ዓመታት ኖሯል። የማያውቅ እንግዳ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይመስለዋል፤ እኔም አላርመውም። አቧራ ስጠርግ ግን እጄ ጎኑን በነካ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዝምተኞች ይበዛሉ። አንዱ ማጉያው፣ ሁለተኛው ባሌ መብራህቱ።

መብራህቱ ክራር ተጫዋች ነው። ክራሩ የብረት ክር የተወጠረበት፣ በሽቦ ከማጉያ ጋር የሚገናኝ ነው፤ ያለ ማጉያው አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚሰማው። የአዲስ አበባን ሠርግ ግማሹን የዳረው እሱ ነው ብል ማጋነኔ ነው፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም። የትግርኛውን ጓይላ ሳያቋርጥ ወደ ጉራጌኛው ያሻግረዋል፣ ከዚያ የሸዋውን ያመጣዋል። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው ካየ እራቱን አይበላም ነበር።

ከታሰረበት ከተፈታ ወዲህ ግን አንድም ቀን ሳይጫወት ቆየ። ስልክ ተደውሎ ለሠርግ ሲጠራ መልሱ አንድ ነበር፤ ሞጁሉ ተቃጥሏል። ሞጁል የሚሉት መዳፍ የምታህል ጥቁር ጡብ ናት። ትራንዚስተሮቹ በሙሉ ውስጧ ታሽገዋል፤ የክሩን ድምፅ አዳራሽ እንዲሞላ የምታደርገው እሷ ናት። ከተቃጠለች ተከፍታ አትጠገንም፣ በሌላ ትተካለች። የኛው ዓይነት ደግሞ ከፋብሪካ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። መርካቶ ያለው ጽሑፉ ያው፣ ሆዱ ሌላ ነው፤ አንድ ሠርግ አይዘልቅም። ይህን ሁሉ የነገረን ዘገዬ ነው።

ዘገዬ አበልጃችን ነው። ልጃችንን ክፍሎምን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ ልጁ ዛሬ ጅማ ሄዶ ሲማር የጎደለው ነገር ካለ መጀመሪያ የሚደውለው ለክርስትና አባቱ ነበር። ዘገዬ ፒያሳ በነበረችው ጠባብ ሱቁ ሬዲዮ፣ ቴፕና ማጉያ ሲጠግን ነው ጠጉሩ የሸበተው። መብራህቱ ሠርግ በሄደ ቁጥር አብሮት ይሄዳል። ማንም ሳይጠራው፣ ካቻቢቴውን በኮት ኪሱ ሸጉጦ ማጉያው ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ የባንዱ አባል ይመስላቸው ነበር። መብራህቱም እሱ ካልተቀመጠ አይጀምርም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ጠጠሩ የጠርሙስ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች። ድሮ ዘገዬን ዳማ ያሸነፈ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ይከርም ነበር፤ የተሸነፈውን ደግሞ ዘገዬ «በል ጋሼ፣ ልጆችህ ናፍቀውሃል፣ ወደ ቤትህ ግባ» ብሎ ነበር የሚያሰናብተው። መብራህቱ ከተመለሰ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ዘገዬ በየሳምንቱ ይሸነፋል። ሕፃን የማይስተውን ሲስት፣ ቆርኪውን በከንቱ ሲያስበላ እያየሁ፣ አበልጄ እርጅናው ከራስህ ጀመረ መሰለኝ እያልኩ እተርበው ነበር። እሱ ይስቃል። መብራህቱ አይስቅም። እኔም ሞኟ ሻያቸውን ቀድቼ ወደ ጓዳዬ እገባለሁ።

ስለዚች ሞጁል አንድ ነገር አስቀድሜ መንገር አለብኝ። ክፍሎም ገና ሲድህ፣ ከአንድ ሠርግ ሲመለሱ ማጉያው ከታክሲ ላይ ወደቀ። ሞጁሏ አልተጎዳችም፤ ከእግሮቿ አንዷ ብቻ ከሥሯ ተሰበረች። እግር የምለው ከጥቁሩ አካል ወጥተው ከሰሌዳው ጋር የሚበየዱትን ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ዘገዬ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ገለበጣት። እኔ ባትሪ አበራለታለሁ፣ እሱ ጥቁሩን አካል በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጎ የተሰበረውን ጉቶ አወጣው። ምትክ እግር ሲፈልግ ዓይኑ ክራሩ ላይ አረፈ። ከወፍራሙ ክር ላይ የተጠመጠመውን ነሐስ ፈታ፣ ከእሱ ቆረጠና በሊድ በየደው። ወርቅ ጥርስ አስገባህላት አልኩት፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሞጁል ቢጫ እግር ያላት ብቸኛዋ ሆነች፤ አንድም ቀን አልታመመችም።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ሰሜን ጦርነት ሆነ፤ እዚህ ደግሞ የሰው ስም ከመታወቂያ ላይ ይነበብ ጀመር። እኔ የአፍንጮ በር ልጅ ነኝ፣ ሰርክአዲስ እባላለሁ፣ አባቴም የመንዝ ሰው ነው፤ ማንም ምንም አላለኝም። መብራህቱን ግን አንድ ጠዋት ቁርሱን ሳይጨርስ ወሰዱት። በዚያ ሳምንት ማጉያው ዘገዬ ሱቅ ነበር። የድምፅ ማስተካከያው ሲዞር ይንኮሻኮሻል ተብሎ ነው የሄደው። ሞጁሏ ምንም አልነበራትም።

መብራህቱ የት እንዳለ ለማወቅ ያልቆምኩበት በር የለም። ስንቅ ይዤ ሄጄ ስንቄን ይዤ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ እዚሁ ከተማ ነው አሉኝ። ቀጥሎ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ቆላ ወርደዋል ተባለ። ከዚያ በሽታ ገብቶባቸዋል፣ እገሌ ሞቷል የሚለው ሹክሹክታ ተከተለ። ወሬ የሚያመጣ ነበር፤ እንዴት ነሽ የሚል ግን አልነበረም። የጎረቤት ሰላምታ አጠረ። የዕድር ሴቶች ከሩቅ ያዩኛል። ዘገዬም ቀረ። ክርስትና ያነሳው ልጅ አባቱን እየጠራ ሲያለቅስ እሱ ስልክ አያነሳም። ቤተክርስቲያን አየዋለሁ፤ በወንዶቹ በኩል አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። እኔ በሴቶቹ በኩል፣ የድምፅ ማጉያው የተሰቀለበት ምሰሶ ሥር እቆማለሁ። ከበላዬ መዝሙሩ ይወርዳል፣ እኔ ከሥር አለቅሳለሁ። በሕይወት መልስልኝ ከማለት ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

መለሰልኝ። ክረምት ሊገባ ሲል መብራህቱ ሱሪውን በሲባጎ አስሮ በራችን ላይ ቆመ። በኛ አገር ከእስር የተፈታ ሰው ቤት እንደ ልቅሶ ቤት በሰው ይሞላል። እኔም ለዚያ ብዬ ከጎረቤት አግዳሚ ለመንኩ፣ ዳቦ ደፋሁ። አግዳሚው ባዶውን ዋለ፣ ዳቦውን እኛው በላነው። ከሁሉ መጀመሪያ የመጣው ዘገዬ ነው። ማጉያውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ መጣና ደፉ ላይ አስቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሱም ከአንጀት መሆኑን አየሁና ቂሜን ዋጥኩት። ማጉያውን ሊሞክር ሲሰካው ሞጁሉ እንደተቃጠለበት፣ ምትክ እንዳጣለት ነገረን። መብራህቱ ማጉያውን ወደ ጓዳ ይዞ ገባ፤ ለብቻው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወጣና ዳማውን ዘረጋ።

ዘንድሮ የመብራህቱ ወንድም ልጅ ሀና ልታገባ ሆነ። አባቷ በዚያው ጦርነት አገር ቤት ሞቶባት ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። አንድ ማታ ራት ላይ አጎቷን ቀና ብላ ሳታየው፣ አባቴ የለም፣ አንተም ካልተጫወትክ ያን ቀን የማን ልጅ ልባል ነው አለችው። መብራህቱ ጉርሻውን ውጦ፣ ሞጁሉ ተቃጥሏል አላት። ልጅቷ ተነስታ ገባች፤ ስታለቅስ እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር። ያኔ በሆዴ ማልኩ። ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ ሞጁል የሚባል ሰበብ አይኖርም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባሌ ክራሩን ይዞ ሰው ፊት እንዲቆም።

መብራህቱ አሁን የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው። በማግስቱ ሥራ ሲወጣ ጠብቄ ቴሌቪዥኑን አወረድኩ፣ ዳንቴሉን አጠፍኩ፣ ማጉያውን በኮንትራት ታክሲ ጭኜ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ሙኒር ወደሚባል ጠጋኝ ሄድኩ። ሙኒር ፒያሳ ሲፈርስ ከተበተኑት ጠጋኞች አንዱ ነው፤ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ገብቶ ይሠራል። ዘገዬ ጋ ያልወሰድኩት አይሆንም ስላለ ነው እንጂ ምንም ጠርጥሬ አልነበረም። እንዲያውም ሠርቼ ላስደንቀው አስቤ ነበር።

ሙኒር ምንም ዓይነት ዕቃ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰካም። መጀመሪያ በድሮ መቶ ሻማ አምፖል በኩል ነው መብራቱን የሚያሳልፈው። አምፖሉ ቦግ ብሎ መልሶ ከደበዘዘ ዕቃው ደህና ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ተቃጥሏል ማለት ነው። የኛው ሲሰካ ሱቋ በጠራራ ቀን በራች፤ አምፖሉም እንደበራ ቀረ። ሙኒር ነቀለው፣ ክዳኑን ፈታ፣ አጎንብሶ ብዙ አየና ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ሞጁሏ መሞቷ እውነት ነው። የሞተችው ግን እዚህ ቤት አይደለም።»

አስረዳኝ። ሞጁል ሲቃጠል ፊውዝ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ፊውዙ ግን ደህና ነው። ዙሪያዋን አንድም ነገር አልጠቆረም። ብየዳው ደግሞ ከሌላው ሁሉ አዲስ ነው። አንድ ሰው የሌላ ማጉያ ሬሳ አምጥቶ እዚህ ቀብሯል አለኝ። እኔ ግን የመጨረሻውን እየሰማሁት አልነበረም። እግሮቿን ነበር የማየው። ሁሉም ነጭ ነበሩ።

የዘገዬ አዲሱ ሱቅ አምስት ኪሎ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ከሚሠራ ሰው ጋር ለሁለት ተካፍለው ነው የያዙት። የተናደደ ሰው ታክሲ አይጠብቅም፤ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ስደርስ ሰው ነበረው። ከባንኮኒው ወዲህ ተማሪዎች ወረቀት ያስነሳሉ፤ የዕድራችን አባይነሽ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ታቅፋ ተራ ትጠብቃለች። ሰው ፊት ነገር አላነሳም የሚል አስተዳደግ ነበረኝ። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ።

«ቢጫዋ እግር የት አለች?» አልኩት።

ዘገዬ መበየጃውን አስቀመጠ። ቁጭ በይ አለኝ፣ አልቀመጥም አልኩ። ወደ ውጭ እንውጣ አለኝ፣ አልወጣም አልኩ። ከዚያ እያየሁት አረጀ። ነገሩን አወጣው፤ በእስሩ ጊዜ አንድ ደንበኛው፣ ወንድሙ አብሮ የታሰረ፣ መብራህቱ ሞቷል ብሎ ነገረው። አመነ። ልቅሶ እንዳይቀመጥ ፈራ፤ ማን ሞተብህ ቢባል ምን ይላል? ፍትሐት እንዳያስፈታ ስሙን ለቄስ መስጠት ፈራ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የድምፅ ማጉያ በዚያ ሰሞን ተቃጥሎ እሱ ዘንድ መጥቶ ነበር፤ የሚወስደውም ያንኑ ዓይነት ሞጁል ነው። ቢጫዋን አውጥቶ እዚያ ገጠማት። የቤተክርስቲያኑን ሬሳ ለእኛ ማጉያ ሰጠ።

«ለነፍሱ ይሁን ብዬ ነው» አለ። «ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም።»

አንዳንድ ነገር ሲሰሙት ወዲያው አይገባም። ጥቂት ቆይቶ ነው የገባኝ። ያ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ማጉያ ነው። ባሌን በሕይወት መልስልኝ እያልኩ የለመንኩት፣ ለባሌ ነፍስ መታሰቢያ በተሰጠች ሞጁል ድምፅ ሥር ቆሜ ነው። ከላይ ተዝካሩ እየወጣ፣ ከታች እኔ ዕድሜውን እለምናለሁ። አንጀቴ ተቃጠለ። በሰውዬው ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ጋር እዚያው ግቢ ቆመን በነበርነው በሁላችንም።

«በየሳምንቱ ታየኝ አልነበር? ነጠላዬን አዘቅዝቄ አይተኸኛል?»

«አላየሁሽም። ገና አልተረዳችም፣ ማን ደፍሮ ይንገራት እል ነበር።»

«መጥተህ ብትጠይቀኝስ?»

«ደጅሽን መርገጥ ፈራሁ፣ ሰርኬ።»

ከተመለሰ በኋላስ አልኩት። ለቤተክርስቲያን የተሰጠ እንዴት ተመልሶ ይወጣል አለኝ፤ ለማንስ ምን ብዬ አወጣዋለሁ፣ በሕይወት ላለ ሰው መታሰቢያ አድርጌ ነበር ልበል? እዚህ ላይ አንዱ ተማሪ ሳቁ አመለጠው። የእሱ ሳቅ ነው መሰለኝ የመጨረሻውን ገመድ የበጠሰው። ለሞተው መብራህቱ ደግ ነበርክ፣ የፈራኸው ሕያዋኑን ነው አልኩት። የሰው ንብረት መጽውቶ የሚጸድቅ አንተን አየሁ አልኩት። ሌባ የሚለውንም ቃል አልኩት፤ አልደብቅም። ከዛሬ ጀምሮ አበልጅ የለኝም፣ ደጄን እንዳትረግጥ ብዬ ወጣሁ። አባይነሽ ምድጃዋን እንደታቀፈች አፏን ከፍታ ቀርታ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕድሩ በሙሉ ሰምቷል።

ማጉያውን ሙኒር ዘንድ ትቼ ነበርና ወደዚያው ተመለስኩ፤ ሥራውን ቀጠለ። መርካቶ ያለውን ማስመሰያ አስገብቼ ሠርግ ላይ አላዋርድዎትም አለኝ። በምትኩ ሞጁሏ ውስጥ ታሽገው የነበሩትን ትራንዚስተሮች ለየብቻ ገዝቶ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ደረደራቸው። ትልልቆቹን ጥርሳሙ አሉሚኒየም ላይ ነጭ ቅባት ቀብቶ አሰራቸው፣ እንዳይግሉ። መልኩ አያምርም፤ አንዲት ጥቁር ጡብ የነበረችበት ቦታ ላይ የሽቦ ጫካ ሆነ። ሥራው ግን ያው ነው አለ፤ እንዲያውም ወደፊት አንዱ ቢቃጠል አንዱ ብቻ ይቀየራል። በአምፖሉ በኩል ሰካው። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ቀላ፣ ደበዘዘ። ሙኒር ዞር ብሎ አየኝ። ጣቱን የሽቦው ጫፍ ላይ ሲያሳርፍ ድምፅ ማጉያው እምም አለ። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር ከደስታዬ የተነሳ ዘገዬንም ረሳሁት።

ቤት ስደርስ መብራህቱ ገብቶ ነበር። ማጉያውን ቦታው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቴሌቪዥኑን ግን አልመለስኩም። ክራሩን ከግድግዳ አውርጄ ከማጉያው ጋር አገናኘሁና አንዱን ክር ነካሁት። ቤቱ ሞላ። ሀና ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። መብራህቱ ተነስቶ መጣና ክራሩን አላየም፤ ማጉያውን ዞሮ በኋላው ባለው ፍርግርግ ወደ ውስጥ አየ። ማን ከፈተው አለኝ። እኔም የልቤ ደርሶልኝ ስለነበር ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ነጩን እግር፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ማጉያ፣ ለነፍስህ ብሎ መመጽወቱን፣ አምስት ኪሎ ሄጄ ልክ ልኩን መንገሬን። ሲነድ ላየው ነበር የጠበቅኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ሀና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

«ያመጣው ዕለት ነው የከፈትኩት። ቢጫዋ የለችም። የት እንደሄደች ባላውቅም እንደሄደች አወቅሁ። የሞተ ሰው ዕቃ ብቻ ነው እንዲያ የሚታረደው።»

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ወገን አይደለሁም፣ እሱም ያውቃል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ያን ሰሞን በራችንን ማን አንኳኳ፣ ሰርኬ? አግዳሚውን ለማን ነበር የዘረጋሽው?» አለኝ። «እሱ አጥፍቶ መጣ። ሌሎቹ ሳያጠፉም አልመጡም። ብናገር ኖሮ በማግስቱ እሱም ይቀራል። ዝም ስል በየሳምንቱ መጣ። እንደማውቅ ያውቃል፤ ክዳኑን ስከፍት ውጭ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ዳማውን ለምን የሚሸነፍ ይመስልሻል? ካሣውን እየከፈለኝ ነበር። እኔም እየተቀበልኩት ነበር።»

ክራሩስ ታዲያ፣ አንተስ አልኩት። ለምን ከሌላ ሰው ማጉያ ተውሰህ አልተጫወትክም?

«ብጫወት ማጉያህ ምን ሆነ ይባላል። ይጠገን ይባላል። ሲጠገን ክዳኑ ይከፈታል» አለ። «ከክራሩና ከሰውዬው አንዱን ነው የመረጥኩት።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ የምመልስበት አላጣም ነበር።

ሠርጉ ደረሰ፣ መብራህቱም ተጫወተ። እምቢ የሚልበት ሰበብ አልነበረውም፤ እኔው በእጄ ጠግኜበታለሁ። ማጉያውን ራሱ ተሸክሞ አዳራሽ አስገባ፣ ጎኑ አንድ ወንበር አስቀመጠ። የሙሽራው ዘመዶች ወንበር ሲያንሳቸው ሊወስዱት መጡ፤ ተይዟል አላቸው። ጓይላውን ጀመረ። ሙኒር እግዜር ይስጠው፣ ድምፁ ከድሮው አላነሰም። ሀና እንባዋ እየወረደ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ሰው በሙሉ ተነሳ፤ በዚያ ጊዜ ደጃችንን የሸሹት የዕድሩ ሴቶች ሳይቀሩ ከፊቱ ተደርድረው እልል አሉ። እኔ የፈለግኩት ይኸው ሆነ። መብራህቱ ግን አንዳቸውንም አላየም፤ ጣቶቹ ክሩ ላይ፣ ዓይኑ ባዶው ወንበር ላይ ነበር። ሲጨርስ ማጉያውን አጠፋና እራቱን ሳይበላ ወጣ።

የነፍስ አባታችንን መምሬ ቃለጽድቅን ሽማግሌ ላክሁ። እኔው ያባረርኩትን እኔው ላስታርቅ። መምሬ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ባዶ እጃቸውን መጡ። ዘገዬ፣ ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው፣ እኔ አልተጣላሁም፣ አፈርኩ እንጂ ብሏቸዋል። መብራህቱ ብቻ ቢያውቅ ፊቱን ችዬ ፊቱ እቀመጥ ነበር፤ አገር ካወቀው ወዲያ በየትኛው ዓይኔ ደጁን አያለሁ ብሏቸዋል። ቤተክርስቲያንም ቀይሯል፣ አሁን የሚሳለመው ሌላ ደብር ነው። ራሴ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው አምስት ኪሎ ወጣሁ፤ ሱቋ ውስጥ ፎቶ ኮፒው ብቻ ቀርቷል። ክፍሎም ከጅማ እየደወለ የክርስትና አባቴ ስልክ ለምን አይነሳም ይለኛል። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ሰምቼ እስቅ ነበር። እኔ የቆጡን አውርጃለሁ፤ ማጉያው ሳሎን ቆሞ ይሠራል። ስልክም ይደወላል፤ መብራህቱ አመሰግናለሁ፣ አይመቸኝም ይላል እንጂ ሞጁል አይጠራም። ቤተክርስቲያን ስሄድ ከዚያ ምሰሶ ራቅ ብዬ እቆማለሁ። መዝሙሩ ግን እዚያም ይደርሰኛል፤ ያቺ ቢጫ እግር ዛሬም አልታመመችም።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ መብራህቱ በረንዳ ላይ ዳማውን ዘርግቶ አገኘዋለሁ። ቆርኪዎቹን በሁለቱም ወገን ይደረድራል፣ ፊታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች፣ እንደ ድሮው። ከዚያ ለራሱ አንድ ይሄዳል፤ ሰሌዳውን ሳያዞር እጁን ዘርግቶ ለወዲያኛውም ይሄዳል። በር ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሕፃን የማይስተውን ይስታል፣ የራሱን ቆርኪ በከንቱ ያስበላል። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የዘገዬ ወገን ነው።